ከፍሬሙ ውጪ ያለውን መጻፍ

ባለ አልበሟ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ክፍል ውስጥ የራሳቸውን ፎቶ መነሻ አድርገው አጭር ልቦለድና ግጥም የሚጽፉ ሰዎች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። የሚለጠፈውንም ሁሉ አነባለሁ ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ጽሑፉ ፎቶውን ሲገልጽ ያልቃል። «በግራ በኩል አክስቴ ቆማለች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ከኋላዋ ዛፍ ይታያል።» ይሄንን እኮ ፎቶው ራሱ ከኛ በተሻለ ይሠራዋል።

እኔ የምለው፣ ለጸሐፊ ትልቁ ሀብት ፎቶው ያስቀረው ነገር ነው። ከመነሳታቸው በፊት ምን ተባባሉ? ካሜራው ከወረደ በኋላ ማን ቀድሞ ሄደ? «እኔ አልነሳም» ብሎ ዳር የቆመው ማነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ያነሳቸው ማነው? በየቤቱ አልበም ውስጥ የማይታይ አንድ ሰው አለ። ሁልጊዜ ካሜራ የሚይዘው ሰው። ስለሱ የሚጽፍ ብዙ አላየሁም።

ምሳሌ ላሳያችሁ። እናቴ በወጣትነቷ የተነሳችው ፎቶ አለኝ። ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይ ፊት ለፊቷ ስለሆነች አንድ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋለች። ለዓመታት ሳየው ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። አንድ ቀን ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ከፎቶው ግርጌ የሰው ጥላ አለ። ክርኖቹ ወደ ጎን ወጥተዋል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ነው። ጥላው ረዝሞ ሄዶ የእናቴን ጫማ ሊነካ ምንም አልቀረውም። እንደገና ወደ ፊቷ ተመለስኩ። ካሜራውን አይደለም የምታየው። ዓይኗ ከካሜራው ትንሽ ከፍ ብሏል። የምታየው ሰውየውን ነው።

ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ረስቼዋለሁ» አለችኝ። ግን ሳታየኝ ነው ያለችው።

እዚህች ላይ ነው ልቦለድ መጻፍ የጀመርኩት። እናንተስ? ፎቶ ይዛችሁ ስትቀመጡ ከየት ነው የምትነሱት?

ደረቅ ብዕር፦

እህቴ፣ በከፊል አልስማማም። መግለጽን እንዲህ አታጣጥይው። ጥላውን ያገኘሽው እኮ ፎቶውን ከጥግ እስከ ጥግ ስለመረመርሽው ነው። መግለጽ ዓይንን ይገራል።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ፎቶውን ፊቴ አስቀምጬ ያየሁትን በሙሉ ደብተር ላይ እዘረዝራለሁ። አንድም የስሜት ቃል አላስገባም። «ያዘነ ፊት» አልልም። «የታችኛውን ከንፈሩን ነክሷል» እላለሁ። «ፍቅረኛሞች ናቸው» አልልም። «የሷ እጅ ትከሻው ላይ ነው፣ የሱ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው» እላለሁ። እንዲህ ሲባል ወዲያው የሆነ ነገር ይነቃል። ለምን ኪሱ ውስጥ ሆነ? ዝርዝሩን ስጨርስ ደብተሩን ዘግቼ ሌላ ሥራዬን እሠራለሁ። በማግስቱ ምንም ሳላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀረች አንዲት ነገር ትኖራለች። ከሷ እነሳለሁ። ሌላው ሁሉ ይቀራል።

ባለ አልበሟ፦

ይሄንንማ እቀበላለሁ። መግለጽ ለጸሐፊው ደብተር ይሁን፣ ለአንባቢው ገጽ አይሁን እንበላ። የእጁ ነገር ግን ደስ ብሎኛል። ኪስ ውስጥ ያለ እጅ አንድ ሙሉ ትዕይንት ይወጣዋል።

ጨለማ ክፍል፦

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ፊልም ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልቦለድ አልጽፍም፤ አነባለሁ። ስለ ፎቶው አሠራር ግን አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ፎቶ ምን እንደሚያስቀር ለማወቅ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የነበረው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ ከመስኮት ሆኖ ቡሌቫር ዱ ቶምፕል የሚባለውን ጎዳና አነሳ። ሰውና ሠረገላ የሚተራመስበት ጎዳና ነበር። ፎቶው ላይ ግን ጎዳናው ባዶ ነው። ለምን መሰላችሁ? በዚያን ጊዜ አንድ ፎቶ ለማንሳት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሳይመዘገብ አለፈ። አንድ ሰው ብቻ ጎልቶ ቀረ፤ ጫማውን ሊያስጠርግ እግሩን አንስቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው። በካሜራ ተነስተው ከምናውቃቸው ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። መነሳቱንም አላወቀ ይሆናል። እስኪ አስቡት፣ በዚያ ጎዳና ያለፉት ሁሉ እዚያው ነበሩ፣ ግን የሉም። ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ሌላም አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን በብረት ሰሌዳ ላይ የሚነሱ ፎቶዎች ነበሩ። ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ቢሊ ዘ ኪድ የሚባለው አሜሪካዊ ሽፍታ እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ ሽጉጡ በግራ በኩል ስለታየ ሰው ለብዙ ዘመን ግራኝ ነው ብሎ ሲያወራ ኖሯል። አንድ የተገለበጠ ፎቶ ለአንድ ሰው አዲስ ታሪክ ሰጠው ማለት ነው። የዛሬ ስልኮችም ሴልፊ ስትነሱ ስክሪኑ ላይ የሚያሳዩዋችሁ እንደ መስታወት ገልብጠው ነው። ገጸ ባሕሪያችሁ ራሱን የሚያውቀው በየትኛው ፊቱ እንደሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ?

ቀለሙንም ልብ በሉት። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የቀለም ፎቶዎች ብዙዎቹ ዛሬ ቀላ ብለው ነው የምታዩዋቸው። ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ጸሐፊዎች «ያ ሞቅ ያለ ዘመን» እያሉ ሲጽፉ አያለሁ። ዘመኑ አይደለም የሞቀው፣ ቀለሙ ነው የሄደው። አክስት የለበሰችው ሰማያዊ ቀሚስም በዚያ ፎቶ ላይ ሐምራዊ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ማስታወሻ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ከዚህ የተማርኩት ብዙ ነው።

እኔ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው አይመለከትም። ግለ ታሪክ ለሚጽፍ ግን በጣም ይመለከታል። ፎቶ ትዝታን ይቀሰቅሳል እንላለን። ይፈጥራልም። ኪምበርሊ ዌድ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለ20 ሰዎች የራሳቸውን የልጅነት ፎቶዎች አሳዩ። ከመካከላቸው አንዱ ግን የተቀነባበረ ነበር፤ ልጁን ፈጽሞ ባልወጣበት የአየር ፊኛ ውስጥ አስገብተውታል። ከጥቂት ቃለ መጠይቆች በኋላ ግማሾቹ ያንን ያልሆነ ጉዞ በሙሉም ሆነ በከፊል «አስታወሱ»። ዝርዝር የጨመሩም ነበሩ።

ስለዚህ ግለ ታሪክ የምትጽፉ ሰዎች፣ ፎቶውን አታስቀድሙት። መጀመሪያ ሳታዩት የምታስታውሱትን ጻፉ። የነበረውን ድምፅ፣ ሽታውን፣ ማን የት እንደቆመ። ከዚያ ፎቶውን አውጡ። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ይኖራል። እናንተ አባታችሁን ቆሞ ታስታውሱታላችሁ፤ ፎቶው ላይ ተቀምጧል። ያንን ክፍተት አታስተካክሉት። አእምሯችሁ ለምን አቆመው? ከፎቶውም ከትዝታውም ይልቅ እኔን የሚስበኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ደረቅ ብዕር፦

ይሄ ዘዴ ወርቅ ነው። ለልቦለድም ይሠራል እኮ። ገጸ ባሕሪው ቆሞ የሚያስታውሰው አባት፣ አልበሙ ውስጥ ተቀምጦ የሚገኘው አባት። ታሪኩ ራሱን ይጽፋል።

ስልክ ብቻ፦

ሁላችሁም ስለ ድሮ ፎቶ ነው የምታወሩት። እኔ አልበም የለኝም። ያለኝ ስልክ ነው። ጋለሪው ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ፣ ግማሹን ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ሁሉም ጥርት ያለ ነው። ጥላ የለ፣ ምስጢር የለ። እንደኔ ዓይነቱ ከየት ይጀምር?

ባለ አልበሟ፦

ወንድሜ፣ አንተ ከኛ በላይ ሀብታም ነህ። ቆንጆዎቹን ተዋቸው። የልደት፣ የጉዞ፣ የምረቃ ፎቶ ሁሉም ሰው ጋ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰዎቹ እንዲታዩ በፈለጉት መልክ ተዘጋጅተው ነው የቆሙት። ለሥራ ያነሳሃቸውን ፈልግ። ሐኪም እንዲያይልህ ያነሳኸው ቁስል። መኪናህን ያቆምክበት ግድግዳ። ለእህትህ «ይሄኛው ነው?» ብለህ የላክኸው ዕቃ። የኮንትራት ወረቀት። እነዚህን ስታነሳ ማንም እንዲያደንቅልህ አልፈለግክም። ስለዚህ አይዋሹም። እያንዳንዳቸው ደግሞ መልስ የሚጠብቅ ሰው አላቸው። ፎቶው የተላከለት ሰው ማለቴ ነው። ልክ እንደ አንሺው እሱም ከፍሬሙ ውጪ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ተከታታዮቹን እይ። ስልክ ይዘን አንድን ነገር ደጋግመን እናነሳለን፣ አንዷን መርጠን እንለጥፋለን። ያልተመረጡት ውስጥ ዓይኑን የጨፈነ፣ ሊናገር አፉን የከፈተ፣ ፈገግታው ያለቀበት ሰው አለ። ያ ፈገግታው ያለቀበት ሰው ነው ገጸ ባሕሪህ።

ማስታወሻ፦

አንድ ልጨምርለት። ስልክ ፎቶውን ብቻ አያስቀምጥም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ብዙ ጊዜ ቦታውንም አብሮ ይመዘግባል። የፎቶውን መረጃ ክፈተው። የባዶ ወንበር ፎቶ ምንም ላይመስል ይችላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መነሳቱን ስታይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። (ስትለጥፉ ግን ተጠንቀቁ፤ ቦታው አብሮ ሊሄድ ይችላል።)

ደግሞ ዙም ማድረግን አትናቁት። ሊንዳ ሄንከል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ያነሰ ነበር የሚያስታውሱት። የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ አቅርበው ያነሱት ግን ትዝታቸው አልተጎዳም። እንዲያውም ፍሬሙ ውስጥ ያላስገቡትን ክፍልም በደንብ አስታውሰዋል። አንዲት ነገር ላይ ስታተኩር ሌላውም አብሮ ይቀራል ማለት ነው። ስንጽፍም እንዲሁ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ረቂቅ፦

ዘግይቼ ገባሁ፤ ይቅርታ። «ከፍሬሙ ውጪ» የሚለውን ሐሳብ አንድ እርምጃ ልግፋው። ፎቶው ጭራሽ ባይኖርስ?

ፈረንሳዊቷ ማርጌሪት ዱራስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመችው ልቦለድ መነሻው የቤተሰብ ፎቶዎች ላይ የሚጻፍ ማብራሪያ ነበር። የመጽሐፉ ዋና ምስል ግን ሜኮንግ ወንዝን በጀልባ የምትሻገር ልጅ ናት፤ ያ ፎቶ ደግሞ ተነስቶ አያውቅም። ማንም ያኔ ካሜራ አላነሳም፣ ምክንያቱም ያቺ ቅጽበት ምን ያህል ከባድ እንደምትሆን የሚያውቅ አልነበረም። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ጎንኩር የሚባለውን የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርትም እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ፎቶግራፍ ባወጣው መጽሐፍ የእናቱን የልጅነት ፎቶ መሠረት አድርጎ ብዙ ይጽፋል። መጽሐፉ ውስጥ ሌሎች ፎቶዎች ታትመዋል። ያቺን ግን አላሳተማትም። ለሱ እንጂ ለሌላ ሰው ተራ ፎቶ ትሆናለች ብሎ ነው።

ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። እዚህ ስንለጥፍ ፎቶውን ከጽሑፉ ጋር እንለጥፋለን። ለምን? አንባቢው ፎቶውን ካየ በኋላ ጽሑፉን እንደ መግለጫ ነው የሚያነበው። ጽሑፉ ያለ ፎቶው መቆም ካልቻለ ገና አላለቀም ባይ ነኝ። ዝግጁ የሆነ ሰው ደግሞ ያልተነሳውን ፎቶ ይጻፍ። ካሜራ ያልነበረበትን፣ ወይም ኖሮም ማንም ያላወጣበትን ቅጽበት። በየቤቱ የሠርግ አልበም አለ። ከሠርጉ በፊት በነበረው ምሽት የተባለውን የያዘ አልበም ግን የለም።

ጨለማ ክፍል፦

ይሄንን ወድጄዋለሁ። በሙያዬ ላይ እንኳ እውነት ነው። ሰው ለሐዘን ካሜራ አያወጣም። ለደስታ ነው የሚያወጣው። አልበም የሕይወት ግማሽ ነው።

ስልክ ብቻ፦

ባለ አልበሟ እንዳልሽኝ ጋለሪዬን ፈተሽኩ። ለእህቴ የላክሁት የቁልፍ ፎቶ አገኘሁ። በተከታታይ የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፣ ሁሉም መዳፌ ላይ። ፎቶውን አልለጥፍም፤ ጽሑፉን ብቻ እዩልኝ።

«ይሄ ነው?» ብዬ ላክሁላት። ትንሽ ቁልፍ ነው፣ ቀዳዳው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። «አይደለም» አለች። ሌላ አነሳሁ። «አይደለም።» አባታችን ቁልፍ አይጥልም ነበር። የተሸጠ ቤት ቁልፍ፣ የጠፋ ሳጥን ቁልፍ፣ ሁሉም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የትኛው የምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አንዱን ረጅም ቁልፍ ስልክላት ቶሎ አልመለሰችም። እየጻፈች እንደሆነ ይታየኛል። ታቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። በመጨረሻ «እሱ የድሮው ቤታችን ነው፣ አትጣለው» አለች። መሳቢያውን የሚከፍተውን ግን አላገኘንም። «እንስበረው?» አልኳት። «አባባ ቢያይ» አለች። አባቴ በጣም ናፈቀኝ።

ደረቅ ብዕር፦

አንተ ልጅ፣ በርታ። በእውነት ልቤን ነክቶኛል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጣት። «አባባ ቢያይ» ላይ አቁም። መናፈቅህን ቁልፎቹ ነግረውናል፤ አንተ ስትደግመው ከኛ ትወስደዋለህ።

አንድ ሌላ ነገር። መዳፍህን ረስተኸዋል። ሁሉም ፎቶ ላይ የሚታየው እጅህ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ የቆየ ቁልፍ ዝገት አለው። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው መዳፍህ እየቀላ ሄዷል? ጋለሪህን እንደገና እይ። ከሆነ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምርበት።

የእህትህ መጻፍና ማቆም ግን በጣም ጥሩ ነው። ፎቶ ውስጥ የሌለ ነገር ነው፤ አንተ ግን ከፎቶው አጠገብ አገኘኸው።

ስልክ ብቻ፦

አሁን አየሁት። እውነትም ቀልቷል። አውራ ጣቴም ላይ አለ። አመሰግናለሁ።

ዳር የቆመች፦

ሁሉን ሳነብ ቆይቼ ነው። አንድ ያልተነሳ ጉዳይ አለ። ፎቶው የኔ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ውስጡ ያሉት ሰዎች ሕይወት የኔ አይደለም። ባለ አልበሟ፣ ቅር አይበልሽና፣ እናትሽ «ረስቼዋለሁ» ያለችው ምናልባት እንዳይጻፍ ፈልጋ ቢሆንስ? እኔ በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ራሴን አግኝቼ አውቃለሁ። ያልኩት ሳይሆን ጸሐፊው ገምቶ የጻፈው ነበር። ያነበቡት ግን ሁሉ እውነት መስሏቸዋል። ዛሬም ድረስ ያንን ነገር የሚጠይቁኝ አሉ። ፎቶ አብሮ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ፎቶው እውነት ስለሆነ የተጻፈውም እውነት ይመስላል።

ባለ አልበሟ፦

ቅር አላለኝም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው፦ ደረጃውንና ጥላውን ወሰድኩ፣ እናቴን ተውኳት። በልቦለዱ ውስጥ የተቀመጠችው ሌላ ዓይነት ሴት ናት። ሥራዋ፣ ዕድሜዋ፣ አነጋገሯ፣ ሁሉም ሌላ ነው። እናቴ አንብባ ራሷን አላገኘችም። ያ ነበር ፈተናው። የናቴን ምስጢር ለማወቅ ብዬ አልጻፍኩም። እንዲያ ያለ ጥላ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ብዬ ነው።

ግለ ታሪክ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ከማሳተም በፊት ማስነበብ አለብን ብዬ አምናለሁ። የልጆች ፎቶ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጅ ዛሬ እሺ ቢልም ምን እንደፈቀደ የሚያውቀው ካደገ በኋላ ነው።

ሁለተኛ ረቂቅ፦

ስለ ሕጉም ትንሽ ልበል፣ ፎቶውን መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ለምትፈልጉ። በብዙ አገሮች የፎቶ የቅጂ መብት በመጀመሪያ የሚሆነው የአንሺው ነው። የተነሳው ሰው አይደለም፤ ፎቶውን አልበሙ ውስጥ ያስቀመጠውም አይደለም። ስቱዲዮ ያነሳው የቤተሰብ ፎቶ እጃችሁ ላይ ስላለ ብቻ እንደፈለጋችሁ ታሳትሙታላችሁ ማለት አይደለም። ከፎቶው ተነስቶ ታሪክ መጻፍ ሌላ ነገር ነው፤ ሐሳብን ማንም አይከለክልም። ሽፋን ላይ ላውጣው ስትሉ ግን አንሺውን ወይም ወራሾቹን ፈልጉ።

ዳር የቆመች፦

መልሳችሁን አከብራለሁ። በተለይ «እናቴን ተውኳት» የሚለውን። እንዲህ ከሆነ እኔም የምሞክረው ፎቶ አለኝ። አንድ ሰው ከመሃል ተቆርጦ የወጣበት ነው። በመቀስ። እጁ ብቻ የሌላ ሰው ወገብ ላይ ቀርቷል። ማን እንደቆረጠው አውቃለሁ። ለምን እንደቆረጠው ግን አላውቅም፣ መጠየቅም አልፈልግም።

ደረቅ ብዕር፦

ከተቆረጠው ሰው አትጀምሪ። ሁሉም ሰው ከዚያ ነው የሚጀምረው። ከቆረጠው ሰው ጀምሪ። መቀሱን ይዞ ያቺን እጅ እንዴት እንደሚያወጣት ሲያስብ፣ ሌላውን ሰው ሳይጎዳ ማውጣት እንደማይችል የገባው ጊዜ።

ጨለማ ክፍል፦

ልጄ፣ ፎቶውን ካገኘሽው ጀርባውንም እይው። ሰው ፊቱን ሲቆርጥ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ይረሳል። ግማሽ ቃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አንቺ የምትጽፊበት ነገር ካለ ደግሞ በእስክሪብቶ እንዳይሆን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሚ፣ ሳትጫኚ።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ልጠይቅ። ትልልቅ ሰዎች በሕይወት ካሉላችሁ አልበሙን ይዛችሁ ተቀመጡና ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። «ይሄ ማነው?» ብቻ አትበሉ፤ ስም ብቻ ይነግሯችኋል። «ያነሳችሁ ማነው? ከዚያ ወዴት ሄዳችሁ? ያን ቀን ያልመጣው ማነው?» በሉ። በሙያዬ ዘመን ሰዎች ፎቶ ሊያሳድሱ ይዘውልኝ ሲመጡ እነዚህን እጠይቅ ነበር። ሥራው ሳይጀመር ወሬው ይረዝምብን ነበር።

ዳር የቆመች፦

ጀርባውን አየሁ። ቀን አለው። ከቀኑ አጠገብ የስም መጨረሻ ሁለት ፊደል ቀርታለች። የማውቀው ሰው ስም አይደለም። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፤ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።